ጡረታና ትርፍ ሥራ በጀርመን፦ "ስንተኛ ክላስ ልያዝ?"

ፍራንክፈርት ውስጥ ጡረታ የወጣን ሐበሾች እየበዛን ነው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹና 1990ዎቹ የመጣን ሰዎች አሁን አንድ በአንድ ከሥራ እየወጣን ነው። ቤቱ የተቀመጠው ግን ጥቂቱ ነው። አንዱ ልጆች ያመላልሳል፣ አንዷ ሆቴል ውስጥ ቁርስ ታዘጋጃለች፣ ሌላው ማታ ማታ መጋዘን ይጠብቃል። ጡረታዋ ብቻዋን ኪራዩንም ኑሮውንም አትችልማ! እናም ሻይ ላይ ስንገናኝ የሚነሳው ጥያቄ ያው ነው፦ "ጋሼ፣ ስንተኛ ክላስ ልያዝ?"

እኔ የግብር አማካሪ አይደለሁም። ዕድሜዬን ኤርፖርት ውስጥ ሻንጣ ስጭን የኖርኩ ሰው ነኝ። በ2023 ጡረታ ወጣሁ። ከ2025 መጀመሪያ አንስቶ ደግሞ በትርፍ ሰዓት አካል ጉዳተኛ ልጆችን በሚኒባስ ወደ ትምህርት ቤት አመላልሳለሁ። ባለቤቴ አሁንም በአረጋውያን መጦሪያ ሙሉ ቀን ትሠራለች። የቤታችንን ወረቀት የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ይህን የግብር ክላስ ነገር በደንብ አጥንቼዋለሁ። እዚህ የምጽፈው የእኛን ቤት ሒሳብና አብረውኝ የተቀመጡ ሰዎችን ጉዳይ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ የፈረንጅ ናቸው። የግብር ቁጥሮቹንም ለማንበብ እንዲቀል ጠጋጋ አድርጌያቸዋለሁ።

በመጀመሪያ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበትን ነገር ላንሳ። ሽቶየርክላሰ የሚባለው ነገር፣ ማለትም የግብር ክላሱ፣ የዓመት ግብርህን አይወስንም። ግብሩን የሚወስነው የባልና ሚስት ጠቅላላ ገቢ ነው። ክላሱ የሚወስነው ከወር ደሞዝ ላይ አስቀድሞ ስንት እንደሚቆረጥ ብቻ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ፊናንስአምት፣ የግብር ቢሮው፣ ሁሉንም ደምሮ ያሰላል፤ የበለጠ ከተቆረጠ ይመልሳል፣ ያነሰ ከተቆረጠ ያስከፍላል። ክላስ 3 ወስዶ በየወሩ ብዙ ብር እጁ የገባለት ሰው ከእቁቡ ቀድሞ ዕጣ እንደወጣለት ሰው ነው። ብሩን በልቷል፣ ክፍያው ግን ገና ይቀጥላል።

ክላሶቹ ስድስት ናቸው። 1 ያላገባና የተፋታ ይይዛል። 2 ልጅ ብቻውን የሚያሳድግ ነው። ባልና ሚስት ወይ ሁለቱም 4 ይይዛሉ፣ ወይ አንዱ 3 ሌላው 5። 6 ደግሞ ለሁለተኛ ሥራ ነው። በ3 ላይ የሁለቱም ሰው ከግብር ነጻ የሆነው መነሻ ገንዘብ ይታሰባል፤ ስለዚህ ቆረጣው ትንሽ ነው። በ5 ላይ ያ መነሻ የለም፤ ስለዚህ ቆረጣው ይከብዳል። በ6ም እንደዚያው። መነሻው በ2025 ለአንድ ሰው 12,096 ዩሮ ነበር። በ2026 ወደ 12,348 ከፍ ብሏል። ለባልና ሚስት እጥፍ ነው።

አሁን ወደ ጡረተኛው እንምጣ። ከመንግሥት የጡረታ መድን የሚመጣው ጡረታ ክላስ የለውም። ከፋዩ ዶይቸ ሬንተንፈርዚሸሩንግ ከወር ጡረታህ የሚቀንሰው የጤናና የእንክብካቤ መድን ብቻ ነው፤ ለግብር አንድ ሳንቲም አይዝም። "እባካችሁ ቁረጡልኝ" ብትላቸውም አያደርጉትም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። "ጡረታ ግብር የለውም ማለት ነው" ብሎ ይሄዳል። አይደለም! ግብር አለው፤ የሚመጣው ግን በዓመቱ መጨረሻ፣ በፖስታ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከጡረታህ ስንት በመቶው ግብር ውስጥ እንደሚገባ የሚወስነው ጡረታ የጀመርክበት ዓመት ነው። በ2005 ወይም ከዚያ በፊት የጀመረ 50 በመቶ ነው። በ2020 የጀመረ 80 በመቶ። እኔ በ2023 ስለጀመርኩ 82.5 በመቶ። በ2025 የጀመረ 83.5፣ በ2026 የሚጀምር 84 በመቶ። እያለ እያለ በ2058 መቶ በመቶ ይደርሳል። ከዚህ የሚተርፈው ነጻ ክፍል አንዴ በዩሮ ይሰላና እስከ ዕድሜ ልክ እዚያው ቁጥር ላይ ይቆማል። የእኔ ጡረታ በ2024 በአማካይ በወር 1,400 ዩሮ፣ በዓመት 16,800 ነበር። የዚህ 17.5 በመቶ 2,940 ዩሮ ነው። እድሜ ከሰጠኝ በ90 ዓመቴም ነጻው ያው 2,940 ነው። ጡረታ በጁላይ በጨመረ ቁጥር ጭማሪው በሙሉ ግብር ውስጥ ይገባል። በ2024 4.57 በመቶ ተጨመረ፣ በ2025 ደግሞ 3.74። ጭማሪ ሲመጣ ሁላችንም እናመሰግናለን፤ ፊናንስአምትም አብሮን ያመሰግናል።

እንግዲህ የእኛ ቤት። የባለቤቴ ደሞዝ ከቆረጣ በፊት በወር 3,200 ዩሮ አካባቢ ነው። ጡረታ ስወጣ ወዳጅ ሁሉ የመከረን አንድ ምክር ነበር፦ "እሷ 3 ትያዝ፣ አንተ 5 ያዝ። ጡረታ እንደሆነ አይቆረጥበት፣ 5 ምን ያደርግሃል?" አነጋገሩ ልክ ይመስላል። በ4 ከደሞዟ ለግብር የሚቆረጠው ወደ 350 ዩሮ ነው። በ3 ቢሆን ከ100 በታች ይወርዳል። በወር 270 ዩሮ አካባቢ ልዩነት ቀላል ነገር አይደለም። የአስቤዛ ገንዘብ ነው።

እኔ ግን ቁጭ ብዬ የዓመቱን ደመርኩ። የእሷ ደሞዝና የእኔ ጡረታ አንድ ላይ ሲሆኑ፣ የጤና መድኑና ሌላው ሁሉ ከተቀነሰ በኋላ፣ የሁለታችን የዓመት ግብር ወደ 3,600 ዩሮ ይመጣል። በ4 ሁለታችንም ስንሆን ከእሷ በዓመት ወደ 4,200 ተቆርጧል። ማለት ይመለስልናል። በ3 ብትሆን ግን የሚቆረጠው 900 ገደማ ብቻ ነበር። ስለዚህ በአንድ ጊዜ 2,700 ዩሮ ክፈሉ የሚል ደብዳቤ ይመጣ ነበር። ግብሩ በሁለቱም መንገድ ያው 3,600 ነው። ልዩነቱ መቼ እንደሚከፈል ብቻ ነው።

እኛ ሁለታችንም 4 ላይ ቆየን። በ2024 ጡረታ ብቻ እያለኝ ከ500 ዩሮ በላይ ተመለሰልን።

"ታዲያ 3 ወስዶ ልዩነቱን በየወሩ ማስቀመጥ አይሻልም?" ያለኝ ሰው አለ። በወረቀት ላይ ይሻላል፤ ለመንግሥት ያለ ወለድ ማበደር የለብህም። እንደዚያ የሚያስቀምጥ ሐበሻ ግን እኔ ብዙ አላየሁም። ሰርግ አለ፣ ልቅሶ አለ፣ አዲስ አበባ የታመመ ዘመድ አለ። ዲሲፕሊኑ ካለህ 3 ውሰድ። እኔ ደብዳቤ ሳይመጣ በሰላም መተኛት እመርጣለሁ።

አንድ ሦስተኛ መንገድ አለ፤ 4 እና 4 ከፋክተር ጋር ይባላል። ፊናንስአምት የሁለቱን ደሞዝ አይቶ ቆረጣውን ወደ ትክክለኛው የዓመት ግብር ያስጠጋዋል። ሁለቱም ደሞዝተኛ ለሆኑ ባልና ሚስት በጣም ጥሩ ነው። ለጡረተኛ ግን ችግር አለው። ፋክተሩ ሲሰላ የሚታየው ደሞዝ ብቻ ነው፤ ጡረታው አይገባም። ስለዚህ ቆረጣውን ቀንሶ የጡረታውን ግብር ወደ ዓመት መጨረሻ ይገፋዋል። እኛ አልተጠቀምንበትም።

በ2025 እኔ ሥራ ስጀምር ሒሳቡ ተቀየረ። ሚኒባሱ በወር 900 ዩሮ ይከፍላል። ሲቀጥሩኝ የቢሮዋ ልጅ "ጡረታ ስላለህ ሁለተኛ ገቢ ነው፤ ክላስ 6 ነህ አይደል?" አለችኝ። አይደለሁም። ጡረታው ክላስ ስላልያዘ የእኔ የመጀመሪያ ሥራ ይኼው ሚኒባሱ ነው፤ በ4 ነው የሚመዘገበው። ይህን አጥብቃችሁ ያዙት። የመንግሥት ጡረታ ብቻ ያለው ሰው ሥራ ሲጀምር 6 አይገባውም። አሠሪው ሲያስመዘግብ "ዋና አሠሪ" ብሎ ያስመዝግብ፤ ክላሱን ራሱ ከኮምፒውተሩ ያገኘዋል።

በ4 ላይ 900 ዩሮ የደሞዝ ግብር አይቆረጥበትም። በ5 ብሆን ኖሮ በወር 100 ዩሮ ገደማ ይሄድ ነበር። ነጻ ሆኖ ሲገባ ግን እንዳትታለሉ። ዓመቱ ሲዘጋ ያ ገንዘብ ከባለቤቴ ደሞዝና ከጡረታዬ ጋር ይደመራል። ሲደመር የዓመት ግብራችን ከ3,600 ወደ 5,600 አካባቢ ወጣ። የተቆረጠው 4,200 ብቻ ነው። ስለዚህ 1,400 ዩሮ ዕዳ። ይህን አስቀድሜ አስልቼው ስለነበር ከሚኒባሱ ገንዘብ በየወሩ 120 ዩሮ ለብቻው ወዳለ ሒሳብ አስገባ ነበር። ያን የ3 እና የ5 መንገድ ይዘን ቢሆን ኖሮ ከሁለታችን የሚቆረጠው በድምሩ ወደ 2,100 ብቻ ነበር፤ ዕዳው 3,500 ይደርስ ነበር።

በነገራችን ላይ ከ64 ዓመት በላይ ለሆነ ሰው በደሞዙ ላይ ትንሽ እፎይታ አለ፤ አልተርስኤንትላስቱንግስበትራግ ይሉታል። እኔ የ1957 ልደት ስለሆንኩ ከደሞዜ 14.4 በመቶ፣ ቢበዛ በዓመት 684 ዩሮ፣ ከግብር ነጻ ይሆናል። ለወጣት ጡረተኞች እያነሰ ይሄዳል። ማመልከቻ አይፈልግም፤ ራሱ ይታሰባል። ጡረታው ላይ ግን አይሠራም።

ከ2026 ጃንዋሪ 1 ጀምሮ የመጣው ለውጥ ግን ይህን ሁሉ ገልብጦታል። አክቲፍሬንተ የሚባለው ሕግ ነው። መደበኛው የጡረታ ዕድሜው ላይ የደረሰ ሰው ተቀጥሮ ከሠራ፣ ከደሞዙ በወር እስከ 2,000 ዩሮ ከግብር ነጻ ነው። ነጻ ሲባል ሙሉ በሙሉ ነው፤ የሌላውን ገቢ የግብር መጠን ለማሳደግ እንኳ አይቆጠርም። የእኔ 900 ዩሮ ከዚህ ዓመት ጀምሮ ከሒሳቡ ወጣ ማለት ነው። የዓመት ግብራችን እንደገና ሥራ ከመጀመሬ በፊት ወደነበረበት አካባቢ ይወርዳል። 4 እና 4 ላይ ስለቆየን ደግሞ ዘንድሮ የሚመለስልን ሊኖር ነው።

ሰው ግን ነገሩን በደፈናው ሰምቶ "ጡረተኛ ሁሉ 2,000 ነጻ ነው" ይላል። አይደለም። መደበኛው ዕድሜ ላይ መድረስ ግዴታ ነው። ለ1958 ልደት 66 ዓመት ነው። ለ1960 ልደት 66 ከ4 ወር። ለ1961 66 ከ6 ወር። ከ1964 ጀምሮ ለተወለደ 67። ለብዙ ዓመት ሠርቶ በ64 ዓመቱ ቀድሞ ጡረታ የወጣ ሰው ዕድሜው እስኪሞላ ይጠብቃል። እስከዚያ ከ2023 ጀምሮ የገቢ ጣሪያ ስለተነሳ የፈለገውን ያህል መሥራት ይችላል፤ ግብሩን ግን ይከፍላል። ሌላው ነገር፣ ነጻነቱ መድን ለሚከፈልበት መደበኛ ቅጥር ነው። ታክሲውን በራሱ ስም የሚነዳ፣ ሱቅ ያለው፣ የግል ሥራ የሚሠራ አይገባበትም። ሚኒጆብ የሚባለው ክፍያው ትንሽ የሆነ ሥራም አይገባበትም። የጤናና የእንክብካቤ መድን ደግሞ ከደሞዙ ላይ መቆረጡ አይቀርም።

ሚኒጆብን ካነሳሁ ላይቀር፣ ለጡረተኛ አሁንም ቀላሉ መንገድ ነው። ጣሪያው በ2025 በወር 556 ዩሮ ነበር፣ በ2026 603 ሆኗል። አሠሪው 2 በመቶ ጠፍጣፋ ግብር ይከፍልና ያልቃል። ክላስ የለው፣ የዓመት ሒሳብ ውስጥ አይገባ። ከባለቤትህ ደሞዝ ጋርም አይደመርም። አንድ ነገር ብቻ ተመልከቱ። አልፎ አልፎ አሠሪው በጠፍጣፋው ፋንታ በክላስ ሊያስቆርጥ ይችላል። ያን ጊዜ 5 ወይም 6 የያዘ ሰው ይጎዳል። ስትቀጠሩ "በ2 በመቶው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ስለ ክላስ 6። አንድ የድሮ ጓደኛዬ ፋብሪካ ውስጥ ነበር የሚሠራው። ተፋቷል፤ ክላሱ 1 ነው። ከመንግሥት ጡረታው ሌላ ፋብሪካው በቀጥታ በወር 400 ዩሮ የድርጅት ጡረታ ይከፍለዋል። እንዲህ አሠሪው ራሱ የሚከፍለው የድርጅት ጡረታ እንደ ደሞዝ ስለሚቆጠር ክላስ ይዟል። በኢንሹራንስ ወይም ፔንሲዮንስካሰ በሚባለው የጡረታ ካዝና በኩል የሚመጣው ግን እንደ መንግሥት ጡረታ ክላስ የለውም። ጓደኛዬ በኋላ በወር 1,100 ዩሮ የሚከፍል የጥበቃ ሥራ ሲጀምር፣ ክላስ 1ን ፋብሪካው ይዞት ስለነበር ሥራው 6 ላይ ወደቀ። ከ1,100 ላይ ደህና አድርገው ቆረጡት።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ትልቁ ገቢ ዋናውን ክላስ ይይዛል፣ ትንሹ 6 ይሆናል። ለጥበቃ ድርጅቱ "ዋና አሠሪ ሆናችሁ አስመዝግቡኝ" አላቸው። በሚቀጥለው ወር ክላስ 1 ወደ ሥራው ዞረ፤ የድርጅት ጡረታው 6 ሆነና በወር አንድ 40 ዩሮ ገደማ ይቆረጥበት ጀመር።

ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣለት። የጥበቃው 1,100 በአክቲፍሬንተ ነጻ ከሆነ፣ ክላስ 1 እዚያ ምን ይሠራል? ወደ ድርጅት ጡረታው ልመልሰው፣ 40 ዩሮዋም ትቅር። ይቻላል። ክላስ 6 ላይ ያለ ሥራም ነጻነቱን ያገኛል፤ ሠራተኛው በሌላ ሥራ እንዳልተጠቀመበት ለአሠሪው በጽሑፍ ማረጋገጥ አለበት እንጂ። ቁጭ ብለን ስናሰላው ግን ትተነው ተነሳን። ከመንግሥት ጡረታው የተነሳ በዓመቱ መጨረሻ መክፈሉ አይቀርም። በ6 የምትቆረጠዋ 40 ዩሮ ያንን አስቀድማ ትከፍልለታለች። "ትቆረጥ እንጂ፣ እኔ ሳላያት ብትሄድ ይሻላል" አለ። እውነቱን ነው። ለሠራተኛ ክላስ 6 ቅጣት ይመስላል። ግብር ለማይቆረጥበት ጡረተኛ ግን አንዳንዴ የቁጠባ ሣጥን ይሆንለታል።

የትዳር ጓደኛው ኢትዮጵያ ያለ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። ጡረታ ከወጣ በኋላ ሚስቱ አዲስ አበባ ገብታ መኖር ጀምራለች፣ እሱ ደግሞ እዚህ ይሠራል እንበል። ያገባ ቢሆንም ክላሱ 1 ነው። 3 የሚሰጠው የትዳር ጓደኛው ጀርመን ወይም በአውሮፓ ኅብረት አካባቢ የሚኖር ከሆነ ነው። የሁለቱ ገቢ ተደምሮ የሚሰላበት ጥቅምም ይቀራል። በምትኩ ለእሷ የሚልከውን የኑሮ ድጋፍ በተወሰነ መጠን ከግብር ማስቀነስ ይችላል። ከ2025 ጀምሮ ግን በባንክ የተላከ ብቻ ነው የሚቆጠረው። በሰው እጅ የተላከ ኤንቬሎፕ ዋጋ የለውም። ይህን ስናገር ሁሉም ሰው አፉን ይይዛል፤ እኛ የምንልከው እንዴት እንደሆነ ይታወቃላ።

ባል ወይም ሚስት የሞተበት ሰው ደግሞ በሞቱ ዓመትና በሚቀጥለው ዓመት ክላስ 3 መያዝ ይችላል። ከዚያ ወደ 1 ይወርዳል። የሟች ጡረታ ተጨምሮበት፣ ሥራ ካለ ደግሞ ሥራው፣ በሦስተኛው ዓመት የሚመጣው ሒሳብ ከበፊቱ ይከብዳል። እናቶቻችን ይህን ቀድመው ቢያውቁት ጥሩ ነው።

3 እና 5ን በጭራሽ አትያዙ እያልኩ አይደለም። አንዱ ገና እየሠራ የሚያስቡበት ምክንያት አለ። የሕመም ጊዜ ክፍያና የሥራ አጥ ክፍያ የሚታሰቡት ከተጣራው ደሞዝ ጋር ተያይዘው ነው። ለባለቤትህ የጉልበት ቀዶ ሕክምና ቀን ከተያዘላት፣ ወይም መሥሪያ ቤቷ ሰው ሊቀንስ ከሆነ፣ ቀደም ብላ 3 ብትይዝ ክፍያው ከፍ ይላል። የሥራ አጥ ክፍያ በዋናነት የሚያየው በዓመቱ መጀመሪያ የነበረውን ክላስ ስለሆነ ነገሩ ከጃንዋሪ በፊት ይታሰብ። የሚጨምረውን የዓመት ዕዳ ግን አብራችሁ አስሉ።

መቀየሩ ከባድ አይደለም። ኤልስተር በሚባለው የግብር ድረ ገጽ በኢንተርኔት ወይም በወረቀት ለፊናንስአምት ይላካል። ከ2020 ጀምሮ በዓመት ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ መቀየር ይቻላል። ለዓመቱ የመጨረሻው ቀን ኖቬምበር 30 ነው። ለውጡ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ይሠራል። ወደ 3 እና 5 ለመሄድ ሁለቱም መፈረም አለባቸው። ከ3 እና 5 ወደ 4 እና 4 ለመመለስ ግን የአንዱ ፊርማ ይበቃል። 5 ላይ የተቀመጣችሁ እህቶች ይህን ልብ በሉ። የባል ፈቃድ አያስፈልግም!

ደሞዝ ወረቀቱ ላይ ሳላችሁ የሃይማኖቱንም ሳጥን ተመልከቱ። የቤተክርስቲያን ግብር የሚቆረጠው የካቶሊክና የጀርመን ወንጌላዊ ቤተክርስቲያን አባል ተብሎ በተመዘገበ ሰው ላይ ነው። እዚህ ሄሰን ውስጥ ከግብሩ 9 በመቶ ነው። የእኛ ጴንጤዎች መጀመሪያ ሲመዘገቡ "ኤቫንጌሊሽ" ብለው ስለሞሉ ለዓመታት የከፈሉ አሉ።

የዓመቱን የግብር ማስታወቂያ እኛ የምናስገባው በኤልስተር ነው። ጡረታ መድኑ የከፈለህን ቁጥር ራሱ ለፊናንስአምት ስለሚልክ መደበቅ የለም፤ ይልቅ አንተም ያንኑ ወረቀት ከእነሱ አስመጣ። አንዴ ከጠየቅህ በየዓመቱ ይልኩልሃል። ቀነ ገደቡ የሚቀጥለው ዓመት ጁላይ 31 ነው። ለማይመቸው ሎንሽቶየርሂልፍስፈራይን የሚባሉ ማኅበራት አሉ። እንደ ገቢህ መጠን የዓመት መዋጮ ትከፍላለህ፣ ሁሉንም ይሠሩልሃል። ጡረታና ደሞዝ ብቻ ላለው ሰው ይበቃሉ። የግል ሥራ ያለው ግን ወደ ግብር አማካሪ መሄድ አለበት። አዲስ አበባ የሚከራይ ቤት ያለውም ቀድሞ ቢጠይቅ ይሻላል፤ እዚህ የሚኖር ሰው የውጭ ገቢውንም ማሳወቅ አለበትና።

የ2025 ውሳኔ ደብዳቤ ሲደርሰን ሁለት ነገር ይዞ መጣ። አንደኛው የጠበቅነው 1,400 ዩሮ ነበር፤ ከተለየው ሒሳብ ተከፈለ። ሁለተኛው ቅድመ ክፍያ ነው። ዕዳህ 400 ዩሮ ከደረሰ ፊናንስአምት "በሚቀጥለውም ዓመት ይኖርብሃል" ብሎ አስቀድሞ በሩብ ዓመት ይጠይቃል። ቀኖቹ ማርች 10፣ ጁን 10፣ ሴፕቴምበር 10 እና ዲሴምበር 10 ናቸው። በዓመት 1,400ውን አካፍለው በየሩቡ 350 ጻፉብን። ግን የ2026 ገቢያችን እንደ 2025ቱ አይደለም፤ የሚኒባሱ ደሞዝ ነጻ ሆኗል። እንዲህ ሲሆን ዝም ብሎ መክፈል አያስፈልግም፤ ቅድመ ክፍያው ይቀነስልኝ ብሎ መጻፍ ይቻላል። እኔ የጻፍኩት አጭር ነው። የግብር ቁጥራችን፣ መደበኛ የጡረታ ዕድሜ ላይ የደረስኩበት ወር፣ የሚኒባሱ ደሞዝ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በአክቲፍሬንተ ነጻ መሆኑ፣ የባለቤቴ ደሞዝና ጡረታዬ በግምት፣ ከእሷ በክላስ 4 በየወሩ የሚቆረጠው። ከሥር የቅርብ ጊዜ የደሞዝ ወረቀቶቻችንን አያይዤ ላክሁ። ቅድመ ክፍያው ዜሮ ሆነ።